የደረጃው ተራ የእኔ ነበር

ኖቬምበር 2፣ እሑድ

ይህን ደብተር ኢርሜላ ከሃምቡርግ በፖስታ ላከችልኝ። ቀይ ሪባን ታስሮበታል፤ የሠርግ ስጦታ ይመስላል። ውስጡ ባለችው ወረቀት ላይ፣ «እማዬ፣ በየቀኑ አንድ ጥሩ ነገር ጻፊበት። ቀና ማሰብ ዕድሜ ይቀጥላል» ብላለች። ሠላሳ አራት ዓመት ሹራብ ፋብሪካ ስሠራ በቀን ሰማንያ እጅጌ እንጂ አንድ ጥሩ ነገር የጠየቀኝ አለቃ አልነበረም። በሰባ ሰባት ዓመቴ ልጄ አለቃዬ ሆነች።

እሺ። ጥሩ ነገር፦ ዝናቡ አቁሟል።

ለምን እንደላከችው አውቃለሁ። በሴፕቴምበር እያወራኋት ስልኩ ከእጄ ወደቀ። እጄ ደንዝዞ ነበር፤ ተኝቼበት ይሆናል። አንስቼ ጆሮዬ ላይ እስክመልሰው ድረስ «እማዬ! እማዬ!» እያለች ትጮኻለች። ከዚያ ወዲህ ነው ስለ አረጋውያን ቤት ማንሳት የጀመረችው። እነሱ ሰፈር ነው አሉ፤ የአትክልት ቦታ አለው፤ ሠራተኞቹ ደጎች ናቸው። ለገና ስትመጣ «ቁጭ ብለን እንነጋገራለን» ትላለች።

እኔ እንዲህ ያለ ቤት አውቃለሁ። ባለቤቴ ኦይገን የመጨረሻ ሁለት ዓመቱን ያሳለፈው እዚያ ነው። አልሄድም።

ኖቬምበር 4፣ ማክሰኞ

በመርፌዋ ቀዳዳ ክሩን በአንድ ሙከራ አስገባሁ። ጠዋት ጠዋት ከቁርስ በፊት እሞክራለሁ። ክሩ ከገባ ቀኑ ደህና ነው። ይኸው ጥሩ ነገር። ኢርሜላ ግን ስለ መርፌዋ ማወቅ የለባትም።

ኖቬምበር 8፣ ቅዳሜ

ተራዬ ነው። የእንጨቱ ሰሌዳ ካለፈው እሑድ ጀምሮ ደጃፌ ላይ ተንጠልጥሏል። በዚህ ቤት ሦስት ነን፦ ምድር ቤት ሽቶል፣ መካከል ኔርሚንና ባሏ፣ ላይ እኔ። ሰሌዳው በየሳምንቱ ከደጅ ወደ ደጅ ይዞራል፤ ሰሌዳው ደጁ ላይ የተንጠለጠለበት ሰው ደረጃውን ከላይ እስከ ታች፣ ከዚያ ከመሬት በታች ወዳለው ጓዳ የሚያወርደውን ደረጃ፣ ከዚያ በር ላይ ያለውን መንገድ ይጠርጋል። በእኛ ሰፈር ሰው ከቤተ ክርስቲያን ቢቀር ይቅር ይባላል። ተራው ደርሶ ሳይጠርግ ከቀረ ግን ነውሩ ለልጅ ልጁ ይተርፋል።

ድሮ አርባ ደቂቃ ይበቃኝ ነበር። ዛሬ ኔርሚን ደጅ ስደርስ ጉልበቴ ከዳኝና ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። በሩን ከፈተች።

«አክስቴ፣ ምነው? ደህና ነዎት?» በእነሱ ወግ ትልቅ ሴት ሁሉ አክስት ናት።

«ደረጃውን እየመረመርኩ ነው።»

«ቁጭ ብለው?»

«ከቅርብ ነው የሚታየው።»

ሳቀች፤ ዓይኗ ግን አፌ ላይ ነበር። ጥግ ያለው መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ እንዲህ ያሉ ሰዎች ሲያዩሽ ከቆዳሽ ሥር ነው የሚያዩሽ።

ታች ሽቶል በሩን ገርበብ አድርጎ ይጠብቀኛል። አርባ ዓመት ትራም ነድቶ ጡረታ ወጣ፤ ሰዓት መመዝገቡ ግን አልለቀቀውም። ማን ስንት ሰዓት መጥረግ እንደ ጀመረ፣ ስንት ሰዓት እንደ ጨረሰ ከበሩ ጀርባ በለጠፋት ወረቀት ላይ ይጽፋል።

«አንድ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ፣ ወይዘሮ ሄፌሌ! በእኔ ጊዜ ይህን ያህል የዘገየ ሹፌር ከሥራ ይታገድ ነበር።»

«በእርስዎ ጊዜ ሹፌሩ ቁጭ ብሎ ነበር የሚሠራው፣ አቶ ሽቶል።»

መልስ አላጣሁም። ጥሩ ነገር፦ ምላሴ ገና ስለት አላት።

ኖቬምበር 12፣ ረቡዕ

የአጥቢያው አዳራሽ፣ የአረጋውያን የከሰዓት በኋላ ስብሰባ። ወይዘሮ ፊሊንገር የስፖርት አስተማሪ ነበረች፤ አሁን ተስፋ ታስተምራለች። «ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ቆማችሁ አንድ ደቂቃ ሳቁ! ፊት ሲስቅ ልብም ይከተለዋል!» አለችን። አሥራ አራት አሮጊቶችና ጆሮው የማይሰማ አንድ ሽማግሌ በትእዛዝ ሳቅን። ሁላችን ስንጨርስ ሽማግሌው ገና ጀመረ። ያኔ የእውነት ሳቅን፤ እኔ እንባዬ እስኪመጣ ድረስ። ይኸው ጥሩ ነገር፣ ሳይጠየቅ የመጣ።

ኖቬምበር 13፣ ሐሙስ

መስታወት ፊት ቆሜ ሳቅሁ። ግማሼ ብቻ ሳቀ።

የቀኝ ከንፈሬ እንደ ተንጠለጠለ ቀረ። በጣቴ ገፋሁት። ተመልሶ ወረደ። መስታወቱ ያረጀ ነው፤ ኦይገን በ1981 ነው የገዛው። በኮምጣጤ አጠብኩት። ከትናንት ማታ ጀምሮ ከተራራው የሚወርደው ሞቃት ነፋስ ገብቷል፤ እሱ ሲነፍስ እዚህ አገር ጤነኛ ሰው የለም።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከንፈሬ ወደ ቦታው ተመለሰ። ታዲያ ምኑ ይጻፋል?



ኖቬምበር 16፣ እሑድ

ኢርሜላ ደወለች።

«እማዬ፣ ድምፅሽ ምነው? ተኮላተፍሽብኝ።»

«ብስኩት አፌ ውስጥ ነው።»

«በኖቬምበር የገና ብስኩት?»

«እየቀመስኩ ነዋ። መቅመስም ፈቃድ ይፈልጋል?»

ሳቀች። እሷ ስትስቅ እፎይ እላለሁ፤ ከዚያ ወዲያው አፍራለሁ። ብስኩት አልነበረም። ልጄን ዋሽቻት ነው ያሳቅኋት።

ኦይገንን ያ ስትሮክ የሚሉት በሽታ ሲመታው ከቃላት ሁሉ የቀረችው አንዲት ብቻ ናት፦ «ነገ»። ውኃ ትፈልጋለህ? ነገ። ያምሃል? ነገ። ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ አንገቱ ሥር ጨርቅ ያስሩለትና ከሌሎቹ ጋር ጠረጴዛ ዙሪያ ያስቀምጡታል፤ ቴሌቪዥኑ ለማንም ሳያወራ ያወራል። ልወጣ ስነሣ እጄን ይዞ «ነገ» ይለኛል። እየለመነኝ ይሁን እያስታወሰኝ አላውቅም። አውቶቡስ ውስጥ ገብቼ በሩ ሲዘጋ ከዚያ ቤት በመውጣቴ ደስ ይለኝ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ጥሩ ነገር የለም ዛሬ። ኢርሜላ ይቅር በይኝ።

ኖቬምበር 21

ሲኒ ሰበርኩ። ሰማያዊውን። እጄ ነው። ቸኩያለሁ፣ የሐኪሙ ስልክ የሚነሣው እስከ አምስት ሰዓት ብቻ ነው።

በኋላ፦ ደወልኩ። የምታነሣዋ ልጅ «አስቸኳይ ነው?» አለችኝ።

«አይ፣ ምንም አይቸኩልም» አልኳት። ሰው የሞላበት ክፍል፣ የሚያስሉ ሕፃናት፣ እኔ እዚያ መሃል ሄጄ እጄ ደነዘዘ ልል?

ለጃንዋሪ 14 ቀጠረችኝ። ቀጠሮ ተይዟል። ጥሩ ነገር ይባላል።

ኖቬምበር 29፣ ቅዳሜ

ተራዬን ጨርሼ ወደ ላይ ስወጣ ከታች ድምፅ ሰማሁ። ቆሜ አዳመጥኩ፤ ነውር መሆኑን አውቃለሁ።

ኔርሚን ናት፦ «ባለፈው አፏ ጠመም ብሎ አይቻታለሁ። ንግግሯም ይተሳሰራል።»

ሽቶል፦ «ጠጥታ ይሆናላ።»

«እሷ? ወይን ስታይ እንኳ ነው የሚያስነጥሳት!»

«ጠጣችም አልጠጣችም፣ ከግድግዳው ሥር ያለውን ጠርዝ አልጠረገችውም።»

«ታዲያ ለምን ተራዋን እኔና እርስዎ አንካፈለውም? ሰሌዳውን እናሳልፋት።»

እናሳልፋት! ሰሌዳው ከኔርሚን ደጅ ተነሥቶ በእኔ ላይ ዘሎ ሽቶል ጋ ይወርዳል፤ ኢርሜላ ለገና ስትመጣ የመጀመሪያ የምትሰማው ይህን ነው። «እናትሽን ከተራ አውጥተናታል።» ከዚያ ወዲያ ምን ብዬ እከራከራለሁ? በሩን ድምፅ ሳላሰማ ዘጋሁት።

ሁለቱም ከገቡ በኋላ በጥርስ ብሩሽ ወረድኩ። ጠርዙን አንድ በአንድ ፈቀፈቅኩ። አሁን ወገቤን ቀና ማድረግ አቃተኝ። ሽቶል ይምጣና ምላሱን ያስነካው፤ ከሳህኑ ይጠራል።

ዲሴምበር 3፣ ረቡዕ

ኔርሚን የደም ግፊት መለኪያ ይዛ መጣች። ሊጥ ላይ ነበርኩ፤ የገና ብስኩት፣ እውነተኛው።

«አክስቴ፣ ክንድዎን ይስጡኝ። ሁለት ደቂቃ ነው።»

«እጄ ዱቄት ነው።»

«መለኪያው ዱቄት አይጠላም።»

«ሐኪም ጋ ሄጃለሁ። ምንም የለብሽም ብሎኛል።»

ከአፌ ወጣ። «አባቴ እንደ እርስዎ ነበር» አለች። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፣ አክስቴ።» ቁራጭ ወረቀት ላይ የእጅ ስልኳን ቁጥር ጽፋ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። በማንኛውም ሰዓት ይደውሉልኝ፣ ሥራ ቦታም ብሆን አለች።

እንግዲህ ሁለት ሰው ዋሽቻለሁ። ብስኩቱም አረረ።

ዲሴምበር 9፣ ማክሰኞ

መርፌዋ ዛሬ እምቢ አለች። ስድስት ጊዜ ሞከርኩ። ዛሬ ያለውን ጨምሮ ያ ነገር የመጣብኝ ስድስተኛ ጊዜ ነው። በሴፕቴምበር ስልኩ የወደቀበትን ከቆጠርኩ ሰባት። ሰባት ነው።

ልጻፈውና ይውጣልኝ። ኦይገን የታመመ ዕለት እሑድ ነበር። ጠዋት ቡናው ከከንፈሩ ጥግ ይንጠባጠባል። «እሑድ ሐኪም አይረበሽም፤ እስከ ነገ ጠብቅ፣ ይለፍልሃል» ያልኩት እኔ ነኝ። ሸሚዙን ቀየርኩለት። ሰኞ ጠዋት መናገር አልቻለም። እኔ ነኝ። ያቺ አንዲት ቃል ከየት እንደ ተረፈችው አውቃለሁ፤ ከእኔ ናት የወሰዳት።

እና አሁን የእኔን ምልክት አላውቀውም እላለሁ? አውቀዋለሁ። ስለማውቀው ነው የምፈራው። ስለምፈራ ነው የማልናገረው። ከተናገርኩ ይወስዱኛል፤ ከወሰዱኝ ያቺ ጠረጴዛ፣ ያ ጨርቅ፣ ያ ቴሌቪዥን።

ነገ ለኔርሚን እነግራታለሁ።

ዲሴምበር 10

አልነገርኳትም። መርፌዋ ገባች እኮ! በሁለተኛው ሙከራ።

ዲሴምበር 14፣ እሑድ

ኢርሜላ በ23 ትመጣለች። የክፍሉን ፎቶ ልካለች። ቢጫ መጋረጃ። አልጋው ዳር ላይ ብረት አለው፣ እንደ ሕፃን አልጋ።

«ዝም ብለሽ እዪው ብቻ፣ እማዬ። አልወሰንንም።»

«እያየሁት ነው።»

«ታዲያ ምን ትያለሽ?»

«መጋረጃው መታጠብ ይፈልጋል።»

«ከፎቶ ላይ?!»

«እኔ ሃምቡርግ ያለ ቆሻሻም ከዚህ ይታየኛል።»

አሁንም ሳቀች። ከዚያ ድምፅዋ ወረደ፦ «እውነቱን ንገሪኝ። ደህና ነሽ?»

አንድ ትንፋሽ ያህል ጊዜ ነበረኝ። «እንደ ሎሚ!» አልኳት። እንዲህ ብዬ ተናግሬ አላውቅም፣ ከየት እንዳመጣሁት እንጃ።

ዲሴምበር 19፣ ዓርብ

በረዶ። ነገ ተራዬ ነው፤ ቤቱን ለኢርሜላ ማዘጋጀትም አለብኝ። የእንግዳ አንሶላ ተኮስኩ፣ መስኮት አጠብኩ። ደክሞኛል። ሽቶል ደረጃ ላይ ጭቃ ይዞ ገባ፤ ነገ የእኔ ሥራ ስለሆነ እግሩን አልጠረገም። ጥሩ ነገር፦ ተናድጃለሁ፤ ሲናደዱ ፍርሃት የለም።

ዲሴምበር 20

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት። በግራ ነው የምጽፈው

ቀኝ እጄ አልነቃም። አፌ። ስሜን ጮክ ብዬ ልጠራ ሞከርኩ ሌላ ነገር ወጣ

መደወል አለብኝ አውቃለሁ

ግን ደረጃው። የሽቶል ጭቃ። የአምቡላንስ ሰዎች በዚህ ላይ ሊወጡ? ተራው የእኔ ነው ሰው ምን ይላል

ቶሎ ጠርጌ እደውላለሁ

ዲሴምበር 29፣ ሰኞ

ሆስፒታል። በግራ እጄ። ሁለት መስመር ዛሬ ይበቃል።

ዲሴምበር 31

ቃላቱ ይመጣሉ፣ ቀስ ብለው። «ማንኪያ» ለማለት ጠዋቱን ሙሉ ፈጀብኝ። መጀመሪያ የመጣው «መጥረጊያ» ነው። ነርሷ አልሳቀችም። እኔ ነኝ የሳቅሁት፣ በግማሼ።

ጃንዋሪ 3፣ ቅዳሜ

ሽቶል መጣ። ከረባት አስሮ። ወንበሩን ከአልጋው ራቅ አድርጎ ተቀመጠ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ቤት ኖረን እንዲህ ተቀራርበን ተቀምጠን አናውቅም። የሆነውን ከእሱ ነው የሰማሁት፤ እኔ የማስታውሰው የመጥረጊያውን እጀታ ብቻ ነው።

«ለሁለት ሩብ ጉዳይ ሲል ጀመሩ» አለ። «ድምፁ ልክ አልነበረም። የእርስዎ አጠራረግ ሁለት ረጅም አንድ አጭር ነው። ያን ቀን ግን ይጎተታል፣ ይቆማል፣ ይጎተታል። አሁንስ በዛ፣ ለገና እንኳ ታጭበረብራለች ብዬ ልቆጣዎት ወጣሁ።»

ልቆጣ! እውነቱን ነው፤ ፊቱ ላይ አየሁት። ሊቆጣኝ ነው ደረጃውን የወጣው።

«ኔርሚን ደጅ አጠገብ ተቀምጠዋል። ‹ወይዘሮ ሄፌሌ፣ ጠርዙ!› አልኩዎት። ቀና ብለው ሲያዩኝ…» መሐረብ አወጣ።

ኔርሚን በሌሊት ልብሷ ወጥታ ደወለች። ሐኪሞቹ የጠየቁት አንድ ነገር ነው፦ ስንት ሰዓት ጀመራት? ለመድኃኒቱ ሰዓቱ ወሳኝ ነው አሉ። እኔ መልስ የለኝም፤ ኔርሚን ተኝታ ነበር። ሽቶል ከበሩ ጀርባ ወረቀቱን ገንጥሎ ሰጣቸው።

«የአምቡላንሶቹ ሰዎች ግን» አለ ሊወጣ ሲል፣ «በረዶና ጭቃውን እስከ ላይ ድረስ ይዘውት ወጡ። እስከ ላይ! የጠረጉት ሁሉ ከንቱ ሆነ። ወለወልኩት። በሠላሳ አንድ ዓመት እንደዚያ በመጥፎ ሁኔታ የተጠረገ ደረጃ አላየሁም፣ ወይዘሮ ሄፌሌ።»

ቶሎ ብሎ ወጣ፤ ባርኔጣውን ረስቶ ተመለሰ፤ ደግሞ ወጣ።

ጃንዋሪ 6፣ ማክሰኞ

ዛሬ ብዙ እጽፋለሁ፤ እጄ ቢያመኝም።

ሐኪሟ የመጣችው ኢርሜላ ዳቦ ገዝታ ከውጭ እንደ ተመለሰች ነው። ኢርሜላ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከአጠገቤ አልራቀችም፤ ወንበር ላይ እያደረች ፊቷ አመድ መስሏል። ሐኪሟ ወረቀቷን እያገላበጠች፣ «ከዚያ ቀን በፊት ምልክት ነበረ? እጅ መደንዘዝ፣ የአፍ መጥመም፣ መንተባተብ?» አለች።

«አልነበረም» አለች ኢርሜላ እኔን ቀድማ። «በየእሑዱ እንነጋገራለን። ቢኖር ትነግረኝ ነበር።»

አመነችኝ እኮ። እንዲህ ስትናገር በኩራት ነው፤ እናቴ አትደብቀኝም ብላ። ዝም ብል ነገሩ እዚያው ያልቃል። ማንም አያውቅም። በአንድ ቀን አደጋ የወደቀች ጤነኛ ሴት እባላለሁ፣ ማገገሚያ እሄዳለሁ፣ ምናልባት ቤቴ እመለሳለሁ። አፌን ለመክፈት የፈራሁትን ያህል ያን ቅዳሜ ጠዋት እንኳ አልፈራሁም።

«ሰባት» አልኩ።

«ሰባት ምን?» አለች ሐኪሟ።

«ሰባት… ጊዜ። ከሴፕ…ቴምበር።» ቃሉ እንደ እርጥብ እንጨት ነው፤ እየጎተትኩ አወጣሁት። ያን ቀን የጀመረኝ ለሁለት ሩብ ጉዳይ ሳይሆን አንድ ሰዓት ላይ እንደሆነም ነገርኳት። በዚያ መካከል ምን ስሠራ እንደነበርም። ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። አልተቆጣችም። «ሲጀምርዎት ደውለው ቢሆን ኖሮ ዛሬ በቀኝ እጅዎ ይጽፉ ነበር ይሆናል» አለችኝ። ጻፍኩት፤ እንዳልረሳው።

ሐኪሟ ስትወጣ ኢርሜላ መስኮቱ ጋ ሄደች። ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆመች።

«ሰባት ጊዜ! ብስኩት ነው ብለሽኝ! እንደ ሎሚ ነኝ ብለሽኝ! ደረጃ፣ እማዬ? ለደረጃ ብለሽ ልትሞቺ?»

እውነት ነው።

«እንዳትፈሪ… ብዬ» አልኳት።

«እኔ በየእሑዱ ስልኩን የማነሣው እየፈራሁ ነው! ስትስቂልኝ ነው ይበልጥ የምፈራው! የአባባ ጊዜ ትዝ እያለኝ።» ፊቷን ጠረገች። «ስለዚያ ቤት ዛሬ አናወራም። ነገም አናወራም። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፤ ግን ቀልድ አልፈልግም።»

ቀልድ ፈለግሁ። ስፈልግ ሁልጊዜ አለኝ፤ ያን ጊዜ አንድም አልመጣም። ኦይገን ትዝ አለኝ፣ እጄን ይዞ። እኔ ቢያንስ ቃል ተርፎኛል።

«እ…ፈራለሁ» አልኳት። «ኢርሜላ፣ በጣም እፈራለሁ። በየቀኑ።»

በሕይወቴ ጮክ ብዬ ስለው የመጀመሪያዬ ነው። ሰማይ አልተደፋም። ልጄ መጥታ ከነካፖርቷ አልጋዬ ላይ ወጣችና ጎኔ ተኛች፤ ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ነው፣ እግሯ ከአልጋው ያልፋል። ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ አደረገች። ትከሻዬ ረጠበ።

ጫማዋን አላወለቀችም። የበረዶ ጭቃ ያለበት ጫማ፣ ነጭ አንሶላ ላይ። አየሁት። ምንም አላልኩም፤ ጠጋ ብዬ ቦታ ለቀቅሁላት።